ድስቱ ከእሳቱ በፊት ይሠራል

የቀለጠ አሉሚኒየም ወደ ፎርማ ሲፈስ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያንሳል። ሰው የሚሰበሰበውም ያችን ደቂቃ ለማየት ነው። ድስቱ ይመር ወይስ ይበላሽ የሚለው ግን ያኔ አልቋል። የተወሰነው ውዳቂው ሲለቀም፣ አሸዋው ሲደርቅ፣ ፎርማው ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ይህ ምክር ስለ ማፍሰሱ የሚለው ጥቂት ነው። አብዛኛው ከማፍሰሱ በፊት ስላለው ሥራ ነው። የተጻፈውም ቢቸናና ሞጣ ላይ ይህን ሙያ ይዛችሁ ለምትሠሩ፣ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ወጥታችሁ አንድ ማራገቢያና ሁለት ኩንታል ከሰል ይዛችሁ ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው።

አካባቢው ለሥራው ይመቻል። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ መኪና፣ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ይመላለሳል፤ ጋራዥ ባለበት ሁሉ የተሰነጠቀ ቴስታታና የተበላ ፒስተን አይጠፋም። ቆራሌውም ደጅ ለደጅ እየዞረ ያመጣል። ገዢውም አለ፦ ሠርግ፣ ተዝካርና ማኅበር ባለበት አገር ትልቅ ድስት ሁልጊዜ ይፈለጋል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የለቀማ ሥርዓት ነው።

አሉሚኒየም ሁሉ አንድ አይደለም። ፒስተን፣ ቴስታታ፣ የካምቢዮ ሽፋን፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲሠሩም በማፍሰስ የተሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው ሲሊከን ስላለ ሲቀልጡ እንደ ውኃ ይሄዳሉ፣ ቀጭኑን የድስት ግድግዳም ሳይቆራረጡ ይሞላሉ። የመስኮት ፍሬም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ዝርግ ቆርቆሮ ግን ለስላሳ ናቸው። ቢቀልጡም ይወፍራሉ፣ ጫፍ ሳይደርሱ ይረጋሉ፣ ሲቀዘቅዙ ደግሞ ጥግ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃሉ። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በጣም ስስ በመሆኑ ከመቅለጡ ይልቅ ተቃጥሎ ቆሻሻ ይሆናል፣ ከሰላችሁንም ይበላል። ለመለየት ጠርዙን በመዶሻ ምቱት። ተሰብሮ ውስጡ ግራጫና ፍርክስክስ ያለ ከሆነ የፈሰሰ ነው፣ ለድስት ይሆናል። ሳይሰበር ከታጠፈ ለብቻው ይቀመጥ።

ከዚያ ማግኔት ያዙ። የፒስተኑን ፋሻና ስፒና፣ በቴስታታው የቀረውን ቡሎን ሁሉ ሳታወጡ ወደ እሳቱ አታስገቡ። ብረት በቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ ሲቆይ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ድስቱንም ተሰባሪ ያደርገዋል። ከፎርማ ሲወጣ ያማረ፣ ከመሬት ሲወድቅ ግን እንደ ሸክላ የሚከፈል ድስት አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ማግኔት የማይለያቸው ሁለት ብረቶች አሉ። አንደኛው ማግኒዥየም ነው። በአንዳንድ የሞተር መጋዝና የሞተር ብስክሌት አካል ላይ ይገኛል፤ መልኩ አሉሚኒየም ይመስላል፣ ክብደቱ ግን ከአሉሚኒየምም ይቀላል። በእሳት ላይ ከተቀጣጠለ ዓይን በሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይነዳል፣ ውኃ ቢደፋበት ይብሳል። የተጠራጠራችሁትን ቁራጭ በሞረድ ፋቅ አድርጋችሁ ከተፋቀው ቦታ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉ። ወዲያው አረፋ ካወጣ ማግኒዥየም ነው፣ ጣሉት። አሉሚኒየም ዝም ይላል። ሁለተኛው ዚንክ ነው፤ የድሮ ካርቡራተርና የበር እጀታ ብዙውን ጊዜ ከእሱ ይሠራል። መጠኑ እኩል ከሆነ አሉሚኒየም ጋር ስታመዛዝኑት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል፣ ስለዚህ እጃችሁ ይለየዋል። በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥም አሉሚኒየሙ ገና ሳይነካ ከምድጃው ጥግ መንጠባጠብ ይጀምራል። ድስት ውስጥ አይግባ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፤ እርሳስ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ አሉሚኒየም ደግሞ በ660። ሁለቱ አይዋሃዱም፤ እርሳሱ ከታች ይዘቅጣል። አንዳንድ ሠራተኛ ይህን አይቶ «ከታች ቀርቷል፣ ድስቱ ንጹሕ ነው» ይላል። ንጹሕ አይደለም። ጥቂቱ በአሉሚኒየሙ ውስጥ እንደ ደቃቅ ጠብታ ተበትኖ ይቀራል፤ ድስቱ እሳት ላይ ሲውል፣ በተለይ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ሌላ የሚኮመጥጥ ነገር ሲሠራበት፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ወጡ ይገባል። በቀለም አይታይም፣ በምላስ አይታወቅም።

ይህ የተፈተሸ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ አሥር አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን መርምሮ 15ቱ በአንድ ሰው ምግብ አንድ ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ እንደሚለቁ አግኝቷል። መጠኑ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ቤተሰብ ከአንድ ድስት የሚበላው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለዓመታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። የሚጎዳው ከሁሉ በፊት የሕፃናትን አእምሮ ነው፤ በትምህርታቸው ወደ ኋላ ያስቀራል፣ የጠፋውም አይመለስም። ድስት ሠሪ ድስቱን ሲሸጥ ለማያውቀው ልጅ ምግብ አብሮ እያቀረበ ነው። ይህን የማይፈራ ሰው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

እርሳሱ የሚገባው በእነዚህ በሮች ነው። የመኪና ባትሪና የባትሪ ጫፍ፤ ጎማ ባላንስ ሲደረግ ቸርኬው ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ጥፍጥፍ፤ በስታኞ የተበየደ የድሮ ራዲያተር፤ የራዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር የውስጥ ሰሌዳ፤ የድሮ ቀለም። ቸርኬ ስትገዙ ዙሪያውን በጥፍራችሁ ዳስሳችሁ የተለጠፈውን አላቁ። ቀለም የተቀባውን ፍቁት እንጂ በማቅለጫው ውስጥ ይቃጠላል ብላችሁ አትተዉት። ባትሪ የሚቀልጥበት ማቅለጫ ካላችሁ ድስት የሚሠራበት እሱ መሆን የለበትም፤ ጭልፋውም፣ መግፈፊያውም፣ ቦታውም ይለይ። ባትሪ ማቅለጥን ግን በመኖሪያ ሰፈር ጨርሶ እንድትተዉት እለምናችኋለሁ። ጭሱ በጎረቤት ጓሮ ላይ ይወርዳል፣ አቧራው በልብሳችሁ ቤት ይገባል፣ የሚዳኸው ልጅም ከወለሉ ያገኘዋል።

ከእርሳስ ቀጥሎ የሚያስፈራው ውኃ ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ከቀለጠው ብረት ሥር የገባች አንዲት ጠብታ መውጫ ስታጣ ከላይዋ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ትረጨዋለች፤ ደረትና ፊት የሚያገኘውም ያ ነው። ስለዚህ ማቅለጫው ውስጥ የሚጨመረው ቁራጭ ሁሉ ቀድሞ ምድጃው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይሙቅ። ጭልፋውና መግፈፊያው እንደዚሁ። ክፍተቱ የተደፈነ ቱቦ፣ የመኪና አሞርቲዘር፣ ያልተከፈተ ጣሳ በምንም ምክንያት አይግባ፤ ውስጡ ዘይት ወይም አየር ታፍኗል። የሲሚንቶ ወለል ላይም አታፍስሱ። ሲሚንቶ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ርጥበት አለው፣ የቀለጠ ብረት ሲወድቅበት ይፈነዳል። ወለላችሁ ላይ አንድ ስንዝር ደረቅ አሸዋ አልብሱት።

በጋ ላይ ይህን ሁሉ የሚጠነቀቅ ሰው ሐምሌ ሲገባ ይዘናጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም በቢቸናና በሞጣ አየሩ ራሱ ርጥብ ነው፤ ደጅ ያደረ ውዳቂ በየቀዳዳው ውኃ ይይዛል፣ የአሸዋ ክምር ከላዩ ደርቆ ከውስጡ ጭቃ ይሆናል። ክረምት ላይ ሥራ መቀነስ ነውር የለውም። መሥራት ግድ ከሆነ ግን አሸዋውም ውዳቂውም ጣራ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይደር።

ፎርማ የሚሠራበት አሸዋ ደቃቅ የወንዝ አሸዋና ሸክላ አፈር ነው። የሸክላ ሠሪ እናቶች የሚያውቁት የአፈር ዓይነት ይሆናል። በቢቸና ዙሪያ ብዙ ያለው ጥቁሩ መረሬም መሞከር ያለበት ይመስለኛል፤ በጋ ላይ የሚሰነጣጥቀውና ክረምት ላይ እግር የሚይዘው ጠባዩ የሚመጣው፣ ፋብሪካዎች ለዚሁ ሥራ ከሚገዙት ቤንቶናይት ከሚባለው አፈር ጋር አንድ ወገን ከሆነ ማዕድን ነው። ሥርና ቅጠሉ ተለቅሞ፣ በደንብ ደርቆ፣ ተወቅጦ በወንፊት ይነፋ፤ ከአሥር እጅ አሸዋ ጋር አንድ እጅ ያህል ይቀላቀል፤ መጀመሪያም ድስት ላይ ሳይሆን ትንሽ ክዳን ላይ ይፈተን። የአሸዋው ርጥበት የሚለካው በእጅ ነው። አንድ ጭብጥ ያዙና ጨምቁ። እጃችሁን ስትከፍቱ የጣቶቻችሁ ቅርጽ በላዩ ከቀረ፣ ከመሃል ስትሰብሩት ሳይፈረፈር ለሁለት ከተከፈለ፣ መዳፋችሁም ርጥበት ካልያዘ፣ ደርሷል። መዳፋችሁ ከረጠበ ደረቅ አሸዋ ጨምሩበት። ፎርማው ከተጠቀጠቀ በኋላም በቀጭን ሽቦ ብዙ ቦታ ውጉት፤ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል።

ድስት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሁለት ፎርማ ይፈልጋል፣ የውጭና የውስጥ። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው ድስቱ። አሉሚኒየም ሲረጋ ይኮማተራል፣ የውስጡንም ፎርማ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የውስጡ ከአሸዋ ከሆነ ችግር የለም፣ ተፈርፍሮ ይወጣል። ከብረት ከሆነ ግን ጎኑ ወደ ታች እየጠበበ መሄድ አለበት፤ ድስቱ እንደረጋ፣ ሳይቀዘቅዝ መነቀልም አለበት። ጥቂት ከዘገያችሁ ወይ ድስቱ ይሰነጠቃል ወይ ፎርማው አይወጣም።

ይህ መኮማተር ሌላም መዘዝ አለው። አንድ ጥሩ ድስት ገዝቶ በአሸዋ እየቀረጹ መሰሉን ማውጣት የተለመደ ነው። አሉሚኒየም ከመቶ 1.3 እጅ ያህል ስለሚኮማተር ከ30 ሳንቲ ሜትር ድስት የወጣው ቅጂ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል። ከዚያ ቅጂ ሌላ ቅጂ፣ ከእሱም ሌላ ሲወጣ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ይጎድላል። ክዳን አልገጥም የሚለው፣ ገዢም «የዱሮው ይበልጥ ነበር» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። የመጀመሪያውን ድስት እናት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አትሽጡት፣ አታብስሉበት። ቅጂ ሁሉ ከእሱ ብቻ ይውጣ።

ከአባት ወይም ከአሠሪ የወረሳችሁት የብረት ፎርማ ካላችሁ ዋጋው ብዙ ነው፣ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እንጂ በመሮ አትፋቁ፤ የአየር መውጫ ቀጫጭን ጭረቶቹ ይደፈናሉ፣ እነሱን በመርፌ ክፈቱ። ከማፍሰሳችሁ በፊት አሙቁትና ፊቱን በኩራዝ ጭስ አጥቁሩት። ጥላሸቱ ብረቱ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ይረዳል፣ ሲወጣም እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዕቃዎች ፊታቸው ተጨማድዶ ቢወጡ አትደንግጡ፣ ፎርማው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ መልሳችሁ አቅልጧቸው። ፊቱ ሻካራና ውርጭ የመታው መስሎ ከወጣ ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቋል፣ ትንሽ አሳርፉት። ሥራ ሲያልቅ ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡ፤ በማግሥቱ ስትጀምሩ ዘይቱን ጨርሳችሁ አቃጥሉት።

ስለ እሳቱ ብዙ አልልም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው ስለተቀመጡ አየሩ ቆላ ካለው ይሳሳል፤ ወናፉ ወይም ማራገቢያው የበለጠ መሥራት አለበት፣ ቆላ ላይ ያያችሁት ማራገቢያ እዚህ አነሰ ብላችሁ አትገረሙ። ማቅለጫው ከወፍራም ብረት ከተሠራ በየጊዜው ውስጡን በቀጭን ሸክላ ቀብታችሁ አድርቁት፤ አለበለዚያ አሉሚኒየሙ ማቅለጫውን ራሱን ይበላል። ዚንክ የተለበጠ ባልዲ ማቅለጫ አይሆንም፣ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። የጋዝ ሲሊንደር ቆርጦ ማቅለጫ መሥራትንም አልመክርም፤ ባዶ ነው ተብሎ ሲቆረጥ የሚፈነዳው ብዙ ነው።

አሉሚኒየም በቀን ብርሃን ሳይቀላ ይቀልጣል። ፀሐይ ላይ ቀልቶ ካያችሁት ከልክ አልፏል። የሚፈስሰው ከ700 እስከ 750 ዲግሪ ባለው መካከል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ከአየሩና ከርጥበቱ ጋዝ ይጠጣል፣ ሲረጋም በመርፌ እንደተወጋ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ለመፈተን አንድ ጭልፋ ወስዳችሁ ደረቅና ትኩስ በሆነ ቆርቆሮ ላይ አፍሱ። ሲረጋ መሃሉ ከሰረጎደ ደኅና ነው። ካበጠና ከላዩ ከተበሳሳ እሳቱን ቀንሱ፣ ሳታማስሉ ጥቂት አቆዩት። ከላይ የሰፈፈውን ገፍፋችሁ፣ ዕቃውን ወደ ፎርማው አፍ አስጠግታችሁ፣ ሳታቋርጡ አንድ ጊዜ አፍሱ። ከከፍታ የፈሰሰ አየር ይዞ ይገባል፣ የተቋረጠ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ያፈሳል።

አገራችን በማፍሰስ ሙያ ትልቁን ፈተና ያየችው ከዚያው ከዓባይ ማዶ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የአገሬውን ሠራተኛ አሰባስበው መድፍ እንዲያፈሱላቸው ሲያዝዙ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈው ነበር። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የወጣው ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ነው፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው መድፍ ዛሬም እዚያው አለ። አንጥረኛውና ቀጥቃጩ ግን ከዚያም በኋላ ሲናቅና ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ይህን የማነሳው ሥራችሁን አንገት ደፍታችሁ እንዳትሠሩት ነው። በዋጋ ስትከራከሩም ጥራታችሁን ይዛችሁ ተከራከሩ።

ልብሳችሁ ጥጥ ወይም ቆዳ ይሁን። ናይለንና ፖሊስተር ሲነካው ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ብረት ማፍሰስ እግርን መስጠት ነው፤ የቆዳ ጫማ ይሁን፣ የሱሪው እግርም ከጫማው ውጪ ይውረድ እንጂ ውስጥ አይወተፍ። ጫፉ የሚንጠለጠል ጋቢና ፎጣ ይውለቅ። የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ ወደ ማቅለጫው አትጎንበሱ። አጠገባችሁ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ይኑር፤ የፈሰሰ የቀለጠ ብረት የሚታፈነው በእሱ እንጂ በውኃ አይደለም። ሰው ከተቃጠለ ግን ያኔ ውኃ ነው የሚያስፈልገው፤ የተቃጠለውን አካል ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛና ንጹሕ በሆነ ወራጅ ውኃ ሥር አቆዩት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና እንቁላል አትቀቡ። ቡናና ምሳም ከማቅለጫው ርቆ፣ እጅ ታጥቦ ይሁን። ልጆች ሲፈስ ማየት ይወዳሉ፤ ከአጥር ውጪ ሆነው ይዩ።

ድስቱ ሲወጣ ከመሸጡ በፊት ውኃ ሙሉበትና አንድ ሌሊት አሳድሩት። በነጋታው ከሥሩ የረጠበ ቦታ ካለ በብየዳ ወይም በማጣበቂያ አትድፈኑት፤ ስታኞ ያለበት ድፍን እርሳሱን መልሶ ያስገባል። ሰብራችሁ ወደ ማቅለጫው መልሱት። የጠፋው ከሰልና የአንድ ቀን ድካም ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ውዳቂ ስትገዙ ቆራሌውን አንድ ነገር ንገሩት፦ ባትሪ፣ ስታኞና የጎማ ባላንስ እርሳስ ከአሉሚኒየሙ ጋር ቀላቅሎ ካመጣ አትገዙትም፤ ለይቶ ካመጣ ግን በኪሎ ትንሽ ጨምራችሁ ትከፍሉታላችሁ።